የጣይዕ የድንጋይ ድመት

በግብጽ፣ በቁርና መንደር መንታ የወለደ ሰው ድመት አይመታም። የመንታ ልጅ ነፍስ አካሉ ሲተኛ ድመት ሆና ትወጣለች፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ድንጋይ ጠራቢው ጣይዕ ግን ይሰማል እንጂ አያምንም ነበር። ቀኑን ሙሉ ለቱሪስት የቀበሮ ራስ ያለው አምላክ፣ ጭልፊትና ጉማሬ ሲጠርብ የሚውል ሰው ምን ይፈራል?

ከመንታ ሴቶች ልጆቹ አንዷ፣ መርዋ፣ በትኩሳት ከሞተች ስምንት ወር ሆኗል። እሱም አንድ ቀን እንኳ አላለቀሰም። የቀረችው ሰፋ ምሳዋን በልታ ጋደም ትላለች። ልክ በዚያው ሰዓት አንዲት ግራጫ ድመት ወደ ጣይዕ ሱቅ መጥታ በሐውልቶቹ መካከል ቁጭ ማለት ለመደች። ጣይዕ እሷን እያየ፣ የድመቶች እናት የተባለችውን ጥንታዊት አምላክ፣ ባስቴትን፣ ከጥቁር ድንጋይ ይጠርብ ጀመር። እንዲህ ያለ ሥራ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ሐውልቷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ስታዳምጥ ቁርጥ መርዋን ነበረች፤ እጁ እሱን ሳያማክር ያደረገው ነው። ድመቷም ቀን በቀን ወደ ድንጋዩ ተጠጋች።

የሰፋ እንቅልፍ ደግሞ እየረዘመ፣ ሰውነቷ እየከሳ ሄደ።

"አቡ ሰፋ፣ ያቺን ድመት አባርራት" አለችው ሚስቱ ነዒማ።

"አንቺ ደግሞ! ድመት አባርሬ አይጥ ላሳድግልሽ?"

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እንዲያውም በማግስቱ የሐውልቱ ዓይን ብቻ ቀርቶት ስለነበር፣ ድመቷ ሳይጨርስ እንዳትሄድበት እግሯን በሲባጎ አሰራት።

የከሰዓቱ የዐስር ሶላት አዛን ሲሰማ ነዒማ ሻሿን እንኳ ሳታስር እየሮጠች መጣች።

"ልጄ አልነቃ አለችኝ! አንተ ሰውዬ፣ ምን አደረግህብኝ?"

"ቀስቅሻት እንጂ!"

"ነፍሷ ሳትመለስ መንታ ይቀሰቀሳል? ያንን ገመድ ፍታ!"

ጣይዕ ሲባጎውን ፈታ። ድመቷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ተሸክሞ ደጅ አወጣት፤ ተመልሳ ገብታ ጀርባዋን ለድንጋዩ ሰጥታ ተጋደመች። ሰፋና መርዋ በአንድ ፍራሽ ላይ የሚተኙት እንዲህ ነበር።

ነዒማ አፏን በእጇ ያዘች።

"ከእህቷ ጋር ናት" አለች። ወደ ሐውልቱ እየጠቆመችም፣ "ስበረው" አለችው።

ጣይዕ መዶሻውን አነሳ። ሃያ ስምንት ዓመት ድንጋይ ሲመታ ኖሯል፤ እንደዚያ ቀን እጁ የከበደው የለም። እየተንሰቀሰቀ፣ ዘንበል ባለው አንገት ላይ አሳረፈው። ድመቷ ጮኸችና በበሩ ወጣች።

ቤት ሲደርሱ ሰፋ ፍራሿ ላይ ቁጭ ብላ ውሃ እየጠጣች ነበር። የአባቷን ፊት አየችው፤ የድንጋይ ብናኝና እንባ ጺሙ ላይ ተለውሷል።

"አታልቅስ፣ ባባ" አለችው። "መርዋ፣ 'አላመመኝም በይው' ብላኛለች።"