የደምለው ጧፍ

አንሙት ከባቡር ሲወርድ ጀርባው ላይ ባዘላት ሻንጣ ውስጥ ከዳቦና ከውሃ ሌላ አንድ ነገር ነበረች፤ እናቱ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት አገራቸው አምበር ላይ ክሩን ፈትለው፣ ከገዛ ቀፏቸው ሰሙን አቅልጠው በእጃቸው የሠሯት ጧፍ።

«ወንድምህ መቃብር ቢኖረው መቃብሩ ላይ አበራለት ነበር፤ የለውም» ብለውት ነበር ሲሸኙት። «እሱ ሊደርስ ከፈለገበት አገር አንተ ልትደርስ ነው። በሙት ዓመቱ ቀን ካገኘኸው ቤተክርስቲያን ገብተህ አብራለት። ረሳሁት እንዳትለኝ ብቻ!»

ደምለው የአንሙት ታናሽ ወንድም ነው። በሊቢያ በኩል ጣሊያን ሊገባ ሲል ጀልባዋ ሰጠመች፤ ከሞት የተረፈ ጓደኛው ደውሎ አረዳቸው። ሬሳ የለ፣ ለቅሶው ልብሱ ተዘርግቶ ተለቀሰ። እማሆይ ግን «ያልቀበርኩትን አላለቅስም» ብለው ዓይናቸው ደርቆ ሦስት ዓመት ተቀመጡ።

አንሙት ደግሞ የወረዳው የእርሻ ባለሙያ ነውና ለአፈር ሥልጠና ተመርጦ፣ በቪዛ፣ በአውሮፕላን፣ ምሳ እየቀረበለት እዚያው ጣሊያን ገባ። ይኼ ራሱ ያንገበግበው ነበር። አንድ እናት የወለደቻቸው፣ አንዱ በሰማይ አንዱ በጀልባ! ሥልጠናው በሌለበት በዚያ ቅዳሜ፣ ሦስተኛ ሙት ዓመቱ ስለዋለ፣ ብቻውን ቬኒስን ሊያይና ጧፉን ሊያበራ ወጣ።

ከተማዋ ባሕር ላይ የተሠራች ናት። መንገዷ ውሃ፣ ታክሲዋ ጀልባ። ያ ሁሉ አገር ጎብኚ ጀልባ ላይ ተደርድሮ እየሳቀ ፎቶ ይነሣል። አንሙት ድልድይ ላይ ቆሞ አያቸውና ደሙ ፈላ። ጀልባ መጫወቻ የሆነለት ሰው አለ ለካ! ድንጋዩ፣ ሕንፃው፣ የመስኮቱ ቅርፅ ያምራል፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ያምራል። እሱ ግን ዓይኑ የሚፈልገው መስቀል የተተከለበትን ጣሪያ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ቤተክርስቲያን ደጃፍ ደረሰ። እንደ አገሩ ወግ ጫማውን አወለቀ፣ መቃኑን ተሳለመ፣ ሊገባ ሲል ከጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠች ሴት «ትኬት!» አለችው።

«ልጸልይ ነው የመጣሁት» አላት በእንግሊዝኛ።

«ጸሎት ነገ ጠዋት ነው፣ ዛሬ ጉብኝት ነው። ጫማህንም አድርግ እባክህ።»

«እግዚአብሔር ቅዳሜ ዝግ ነው?» አላት። ቀልድ መሰላትና ሳቀች። እሱ አልሳቀም። እዚያ አገር ቤት ዲማ ገዳም መነኩሴው እንኳ ደጅ የጠናውን ማን ነህ፣ ምን ይዘሃል አይለውም፤ እዚህ የእግዜር ቤት እንደ ሲኒማ! ከፍሎ ሊገባ ይችል ነበር፤ እልህ ያዘውና ጫማውን አጥልቆ ሄደ።

ሁለተኛው ክፍያ የለውም። እፎይ ብሎ ገባ። ጥግ ላይ ሻማ የተደረደረበት መቆሚያ አየና ሮጦ ደረሰ። ምን ያደርጋል፣ ሻማ የመሰለው ሁሉ አምፖል ነው! አንድ ሽማግሌ ሳንቲም ወደ ቀዳዳው ሲጥሉ አንዷ አምፖል ቦግ አለች። ጥቂት ቆይታ፣ ሽማግሌው ገና ሳይወጡ፣ እልም አለች።

አንሙት ጧፉን አውጥቶ ክብሪት ሊጭር ሲል ጠባቂው እየሮጠ መጣ። «እሳት ክልክል ነው! ጭሱ ሥዕሉን ያበላሻል!» አለና የሳንቲሙን ቀዳዳ በጣቱ አሳየው።

«ይኼ የእናቴ እጅ ሥራ ነው!» አለ አንሙት ድምፁ ጣሪያውን እየመታ። «አምፖልማ አምበርም አለ! ለሞተ ወንድሜ በሳንቲም የሚጠፋ መብራት ላብራለት?»

ጠባቂው ክንዱን ይዞ ወደ በሩ መራው። አንሙት በአማርኛ ደህና አድርጎ ሰደበው። ቤተክርስቲያን ውስጥ መሳደቡ ትዝ ሲለው ደግሞ ጭራሽ ባሰበት፤ ይኸው አስቀየሙኝ፣ ይኸው ኃጢአት ውስጥም አስገቡኝ!

ከዚያ ወዲያ አንዱ ለጥገና የተዘጋ፣ አንዱ ሙዚየም የሆነ፣ እየዞረ መሸ። እግሩ ዝሎ ወደ ውሃው በሚወርድ የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይ እየጠለቀች ነው፤ ቀኑ ካለፈ ለእማሆይ ምን ይላቸዋል? የሚረግመው ሰው እየፈለገ ውሃውን አፍጥጦ አየው። ውሃው መጥቶ ደረጃውን ይልሳል፣ ይመለሳል።

ይኼ ውሃ ያው ውሃ ነው። በካርታ አይቶታል፤ ስሙን ከፋፈሉት እንጂ ደምለውን ከዋጠው ባሕር ጋር የተያያዘ ነው። «አንተ ነህ አይደል?» አለው ጮክ ብሎ። «አንተ ነህ! የእናቴን ልጅ በልተህ እዚህ ፎቶ ትነሣለህ?»

ተነሣ። ጫማውን አወለቀ። ጧፉን ለኮሰ፣ በመዳፉ ከነፋሱ ጋረደው፣ አቡነ ዘበሰማያት ደገመ። ሰሙ ሲቀልጥ የአምበርን ማር ሸተተው፤ ያን ጊዜ እንባው መጣ። ከላይ ጎብኚዎች ቆመው ስልካቸውን ደግነውበታል።

«ለቅሶ ላይ ነኝ!» ብሎ ጮኸባቸው በአማርኛ። «ለቅሶ አታውቁም? የሰው ሞት አይታችሁ አታውቁም?»

ቋንቋውን አልሰሙም፤ ስልኮቹ ግን አንድ በአንድ ወረዱ። ጧፉ ጣቱን እስኪያቃጥለው ድረስ አልለቀቀውም።

ወደ ባቡሩ ሲመለስ ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናቸው።

«አበራህለት?»

«አበራሁለት እማ።»

«የማን ቤተክርስቲያን ነው?»

ስለ ትኬቱ፣ ስለ አምፖሉ፣ ስለ ጠባቂው ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመውን ንዴት ሊነግራቸው ብሎ ተወው።

«ቤተክርስቲያን አይደለም» አላቸው። «መቃብሩ ላይ ነው ያበራሁለት።»

 

«ነፋሱ አላጠፋብህም?» አሉት።

«በእጄ ጋረድኩት።»

«እሰይ፣ ልጄ» አሉ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት። ከዚያም ልጁን እንደቀበረ ሰው ድምፃቸውን ለቀው አለቀሱ።