የታጠበው ገንዳ

ገና ልጅ ሳለች ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ተኝታ፣ እንቅልፍ የወሰዳት መስሏቸው እናቷና አክስቷን ልታይ የመጣች ነርስ ሲንሾካሾኩ ሰማች።

«የእህትሽ መዳፍስ? እንደ ጠጠር ደርቋል እኮ።»

«የአካፋ ነው ብላኛለች።»

«አካፋ ደረት ላይ ነጠብጣብ ያወጣል እንዴ? ውሃው ነው እንጂ።»

«ውሃውማ ምን ወጣለት!»

ከዚያ ወዲያ የተባለው ጠፍቶባታል። አክስቷ በዚያው ዓመት መሞቷን ግን አልረሳችም።

አድጋ የውሃ መርማሪ ሆነች። የሰፈሩ ጉድጓድ አርሴኒክ የሚባል መርዝ እንዳለበት ሲታወቅ ማጣሪያ ተሠራለት፤ ጠጠር የሞላበት ገንዳ ነው። ሥራውን የሚሠሩት ግን በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሌላውን የሚገድለው መርዝ እነሱን አይበግራቸውም፤ ለውጠው ጠጠሩ ላይ ካለው የብረት ዝገት ጋር እንዲጣበቅ ያደርጉታል። ፈጣሪ ይህን ያህል አቅም ለማን እንደሰጠ እያሰበች ብዙ ጊዜ ገንዳው አፍ ላይ ትቆማለች። መልካቸውማ አያምርም፤ ሲከማቹ ቡናማ፣ ዝልግልግ አተላ ነው የሚመስሉት።

የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ታላቅ ወንድሟ ነው። ሰፈሩ «ጽዱ» ይለዋል፤ ሳሙናውን ራሱን ሳያጥብ አይታጠብበትም ይባልለታል።

በየወሩ እንደምታደርገው ያን ቀን ጠዋት ከቧንቧው ናሙና ቀዳች። የመመርመሪያውን ዱቄት ጨምራ፣ መመርመሪያ ወረቀቱን ክዳኑ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ነጭ መሆን የነበረበት ወረቀት ቢጫ ሆነ፤ ቆይቶ ቡናማ፤ መርዙ ተመልሷል ማለት ነው። ደገመችው። ያው ነው። ወደ ገንዳው ሄዳ ጠጠሩን ዘገነች፤ እንደ ተላጠ እንቁላል ነጥቷል። ከገንዳው ጀርባ ባዶ የበረኪና ጀሪካኖች ተደርድረዋል።

ወንድሟን ፓምፕ ቤት ውስጥ ፓምፑን በጨርቅ ሲወለውል አገኘችው።

«ጋሼ፣ ገንዳውን ማን ነካው?»

«መንካት ምን አላት፣ ፈግፍጌ አጠብኩት እንጂ! እንግዶች ሊጎበኙ ሲመጡ ያንን ንፍጥ ላሳያቸው? ፎቶ ሁሉ አንስተውታል።»

«መቼ?»

«ሃያ ቀን ቢሆነው ነው። ምነው እታለም፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ንፍጥ ያልከው ነው መርዙን የሚይዝልን። ባክቴሪያዎቹን ገደልካቸው።»

መሳቅ ጀመረና ሳቁ ደረቀበት። ከግድግዳው ወዲያ፣ ቦኖው ላይ፣ ውሃ ጀሪካን ውስጥ ሲንደቀደቅ ይሰማል። እርጉዝ ልጁ ጠዋት ሁለት ጀሪካን ሞልታ መሄዷን ሁለቱም ያውቃሉ።

«እንሞታለን?»

«በሃያ ቀን አይደለም። ከደበቅነው ግን ቀኑ ዓመት ይሆናል። ማጣሪያው እስኪያገግም ወራት ሊፈጅ ይችላል።»

«በቃ፣ ፓምፑ ተበላሸ እንበላ። ማን ያውቃል?»

«እንዲያ ካልናቸው ቤት ያጠራቀሙትን ይጠጣሉ። ያውም እየቆጠቡ፣ ለልጆች እያስቀደሙ። ቢያፈሉትም መርዙ አይለቅም።»

«ሰው ምን ይለኛል? ጽዱ መርዝ አጠጣን ይበሉኝ?»

በልቧ «አቤቱ፣ ልብ ስጠው» አለች። ውጭ አንዷ ጀሪካኗን አንስታ ሌላዋ ተተካች፤ ሕፃን ይስቃል።

ጨርቁ ከእጁ ወደቀ።

«አንቺ ቫልቩን ዝጊና የውሃ ቦቴ እንዲልኩልን ደውዪ» አለ። «እኔ ከልጄ ቤት ልጀምር። ያጠብኩት እኔ ነኝ እያልኩ፣ በየቤቱ ያለውን ጀሪካን በገዛ እጄ እደፋለሁ።»