ካፖርቱ ቀድሞ ለሚወጣ

ብርዱ ሊገባ ሲል፣ በዚያ ቤት ያለው ባለ ሦስት መዝጊያ ቁምሳጥን እስከ ወለሉ ይራገፋል። ሙሽራዋ እዚህ ቤት ከገባች ዓመት ስላልሞላት ይህን አይታ አታውቅም። በእናቷ ቤት ወፍራም ልብስ የሚታወሰው ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ሲገባ ነበር፤ ያን ጊዜ ሁሉም ሻንጣ ላይ ይረባረባል፣ አንዱ እግር ካልሲ ይገኛል፣ ጓደኛው የገባበት ይጠፋል። እዚህ ግን አማቷ ገና በጠዋቱ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተው፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አስረው፣ የአምስት ሰው ልብስ አልጋ ላይ ዘርግተው ጠበቋት። ዕለቱ ከምትሠራበት ዳቦ ቤት የምታርፍበት ስለነበር እሷም እጅጌዋን ሰብስባ ገባችበት።

አማቷ ሲሠሩ ማየት ደስ ይላል። እያንዳንዱን ሹራብ በሁለት እጃቸው ወደ መስኮቱ ከፍ ያደርጉና ብርሃኑን በውስጡ ያዩታል። የመርፌ ጫፍ የምታክል ብርሃን ከሾለከች ብል ጎብኝቶታል ማለት ነው፤ ለጥገና ወደ ጎን ይቀመጣል። ከዚያ አንገቱን ያሸታሉ፣ ብብቱን ይዳብሳሉ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሳብ ሳብ ያደርጋሉ። ሹራብ አይሰቅሉም። «ከሰቀልሽው ትከሻው ተንዘላዝሎ ሰካራም ይመስላል» ይላሉ። ያጥፉታል እንጂ፤ በየመሐሉም የደረቀ የሳሙና ቁራጭ ያስገባሉ።

ሙሽራዋን ከሁሉ በላይ ያስገረማት ግን አደራደሩ ነው። ልብሱ የሚደረደረው በባለቤቱ አልነበረም። በግራው መዝጊያ ከቤት ቀድሞ የሚወጣው ሰው ልብስ ይገባል፤ በመሐሉ የተከታዩ፣ በቀኙ እስኪረፍድ የሚተኛው። የግራው ክፍል ደግሞ ከላይ ወደ ታች በአለባበስ ተራ የተሰደረ ነው፤ መጀመሪያ ካናቴራ፣ ቀጥሎ ሹራብ፣ ቀጥሎ የአንገት ልብስ፣ መጨረሻ ጓንት። ጎህ ሳይቀድ የሚነሳ ሰው መብራት ሳያበራ፣ ማንንም ሳይቀሰቅስ፣ እጁን እየላከ ብቻ ለብሶ ይወጣል። ሙሽራዋ ዓይኗን ጨፍና ሞከረችው። እጇ በሄደበት ሁሉ የምትፈልገው ነገር ቀድሞ ጠበቃት። ይህን ያሰበ ሰው ስለ ሌላው ሰው እንቅልፍ ስንት ጊዜ ተጨንቆ ይሆን አለች በልቧ።

«ምነው ትዳብሻለሽ፣ ሌባ መሰልሽ እኮ» አለች የባሏ እህት። ተማሪ ናት፤ ምላሷ ስለሚያቃጥል በቤቱ ቃሪያ ትባላለች።

«አንቺ ዝም ብለሽ ካልሲሽን አጣምሪ» አለ ባሏ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ ከፍታ ላይ የሚሠራ ነገር ሁሉ የእሱ ነው፤ ወንበር ላይ ቆሞ የሞቃቱን ወራት ልብስ የያዙትን ሻንጣዎች ቁምሳጥኑ አናት ላይ ያስተካክላል።

ድምፃቸውን አጥፍተው የተቀመጡት የባሏ አባት ብቻ ነበሩ። በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ሆነው የቤቱን ሰው ቦት ጫማ ቀለም ይቀባሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ፤ ከተማው ሳይነቃ የሚወጣውን የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዘው የሚነሱት እሳቸው ናቸው። ዘንድሮ ጡረታ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ከሙሽራዋ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል አይለዋወጡም። ሌላው ሰው አባባ ጭምት ሆኑ ይላል። ምክንያቱን የምታውቀው ሙሽራዋ ናት።

ወደ ዳቦ ቤቱ የምትሄደው በዚያው በመጀመሪያው አውቶቡስ ነው። አንድ ቀን ፌርማታው ላይ ደርሳ ቀና ስትል አባባ ቆመዋል፤ ጡረታ የወጡት ሰውዬ፣ የሾፌር ኮፍያቸውን እንዳደረጉ፣ አውቶቡሳቸው በሰዓቱ መምጣቱን ይጠብቃሉ። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። በማግስቱ ፌርማታው ላይ አልነበሩም፤ ከተዘጋችው ሱቅ ጥግ ግን የኮፍያው ምላስ ወጣ ብሎ ይታይ ነበር። ከዚያም ወዲህ በየቀኑ። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ለባሏ እንኳን አልተነፈሰችም።

«የኔን ጃኬት የት ላድርገው እማማ?» አለች አሁን።

ቃሪያ ጃኬቱን በሁለት ጣቷ አነሳችው። «ይሄማ ጃኬት አይደለም፣ የጃኬት ፎቶ ነው።»

አማቷ ተቀብለው ወደ መስኮቱ ያዙት። ብርሃኑ በቀዳዳ አልነበረም የሾለከው፤ እንዲሁ በሙሉ አለፈ።

«ደህና ነው እማማ። ዳቦ ቤቱ ራሱ እሳት ነው» አለች ሙሽራዋ።

«እሳቱ ዘንድ እስኪደረስስ?»

አማቷ ጎንበስ አሉና ከመጨረሻው ሻንጣ ግራጫውን ካፖርት አወጡ። ወፍራም ነው፤ ሲያነሱት ወገብ ይፈትናል። ስለ ካፖርቱ ያለውን ሕግ በቤቱ የማያውቅ የለም። «ብርድ ዕድሜ አይጠይቅም፣ ሰዓት ነው የሚጠይቀው» ይላሉ አማቷ። ካፖርቱ የማንም አይደለም፤ ቀድሞ የሚወጣ ይለብሰዋል። ልጆቹ ነፍስ ካወቁ ጀምሮ ከአባታቸው ትከሻ ወርዶ አያውቅም።

«እንግዲህ ዘንድሮ ቀድሞ የሚወጣው ማነው?» አሉ አማቷ።

«ማን ይሆናል፣ ሚስቴ ናታ» አለ ባሏ ከወንበሩ ላይ። «እኔ ያን ጊዜ ሁለተኛው ሕልሜ ላይ ነኝ።»

በሩ አጠገብ የጫማው ብሩሽ ቆመ። ሙሽራዋ ቀና ብላ ማየት ፈራች። ካፖርቱን ከወሰደች ብርዱ ይቀርላታል፤ አባባ ግን ከቤቱ ቀድሞ የሚወጣ ሰው መሆናቸው በይፋ ያበቃል። ሱቁ ጥግ በቀጭን ልብስ ቆመው፣ እሷ በካፖርታቸው ተጠቅልላ አውቶቡሳቸው ላይ ስትወጣ ሊያዩ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ጣሪያ ሥር እንዴት ይኖራል?

«እኔ አይደለሁም» አለች። «ቀድመው የሚወጡት አባባ ናቸው።»

«አባባ?» አለች ቃሪያ። «አባባ ጡረታ ናቸው እኮ። ወዴት ነው የሚወጡት?»

የአማቷ ዓይን ሙሽራዋ ላይ ነበር። አባባ ብሩሹን አስቀመጡ። ሙሽራዋ ፊታቸውን ስታይ የሚቀጥለው ቃል ሳታስበው መጣላት።

«እኔን ለመሸኘት። መንገዱ ጨለማ ስለሆነ፣ እስከ ፌርማታው።»

«እስከ ፌርማታው» አሉ አማቷ፣ ጨርቅ እንደሚለካ ሰው ቀስ ብለው። «ከዚያስ? አንቺ ዳቦ ቤት እስክትደርሺ በፎቶሽ ነው?»

ይህን አላሰበችበትም ነበር። ጉንጯ ጋለ።

«ከዚያማ» አሉ አባባ ከበሩ። ሁሉም ዞረ። ሰውዬው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከዚያማ አውቶቡሱ ሲመጣ አውልቄ አለብሳታለሁ። እሷ ረዥም መንገድ ነው የምትሄደው። የኔ መመለሻ ዳገት ነው፤ ዳገት ደግሞ ያሞቃል።»

«ወይ ጉድ» አለች ቃሪያ፣ «ዳገት እንደ ሹራብ ተቆጥሮ ተደረደረልን።»

ባሏ ሳቀ። አባባም እንደ መሳቅ አሉ። አማቷ ግን ሳይስቁ፣ ወፍራሙን የሱፍ ሹራብ አንስተው በግራው ክፍል ከላይ አኖሩት። «ለዳገቱ» አሉ። ከዚያ ሙሽራዋን ጠርተው ካፖርቱን አለበሷት።

ትከሻው ሰፊ ነው፣ ግን ይሁን። እጅጌው ሊውጣት ይገባ ነበር፤ ጣቶቿ ድረስ እንደሚወርድ ገምታለች። አማቷ የእጅጌውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፈው አንድ ነገር ቆለፉ፤ እጅጌው አጥሮ አንጓዋ ላይ ቆመ። ሙሽራዋ ገልብጣ አየችው። ከውስጥ በኩል፣ ማንም በማያይበት፣ ትንሽ ቁልፍ ተተክሏል፤ ከፍ ብሎም ቁልፉን የሚይዝ የክር ቀለበት አለ። ሲፈታ እጅጌው የአባባ፣ ሲቆለፍ የእሷ። ስፌቱ ከጨርቁ ጋር ስለተመሳሰለ የት ላይ እንደጀመረ አይለይም። በሌላኛውም እጅጌ እንዲሁ።

«መቼ ሰፉት እማማ?» አለች በቀስታ፣ ሌሎቹ ስለ ዳገቱ ሲቀላለዱ።

«ይሄን የንጋት ሥራ ስትጀምሪ።»

«ስለዚህ አባባ እንደሚወጡ ያውቁ ነበር?»

«አልጋው በአንድ ጎኑ በየንጋቱ ሲበርድ የማያውቅ ማነው?» አሉ አማቷ፣ በትከሻዋ ላይ ያልነበረ አቧራ እያራገፉ። «ካፖርት መስጠት ምን ሥራ አለው። ከሌላው ሳይነጥቁ መስጠት ነው እንጂ ሥራው። እሱን ደግሞ ብቻዬን አልችለውም፤ አጋዥ ስጠብቅ ነበር።»

ሙሽራዋ ቁምሳጥኑን እንደገና አየችው። ሦስቱ መዝጊያዎች ተከፍተዋል፤ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዟል። ካፖርቱን የት እንደምትሰቅለው ስትፈልግ አማቷ በራፉ ላይ ያለውን ሚስማር በአገጫቸው አመለከቷት። የሁለት ሰው ስለሆነ በአንዱም ክፍል አይገባም።

በማግስቱ ሁለቱ አብረው ወጡ። መንገዱን ሙሉ አባባ የተናገሩት ስለ አውቶቡሱ ፍሬን ነበር፤ በእርጥብ መንገድ እንዴት እንደሚያንሸራትት፣ አዲሱ ሾፌር መታጠፊያው ላይ እንዴት እንደሚቸኩል። ሱቁ ጥግ ሲደርሱ አልቆሙም፤ አለፉት። የአውቶቡሱ መብራት ሲታይ ካፖርቱን አውልቀው አለበሷት፤ የእጅጌዎቹን ቁልፎችም፣ ጣታቸው ትልቅ ቢሆንም፣ ራሳቸው ቆለፉላት።

አዲሱ ሾፌር በሩን ከፍቶ ብቅ አለ። «አለቃ፣ ዛሬስ ይሳፈራሉ?»

«እኔ አልሳፈርም» አሉ አባባ። «ልጄን እያሳፈርኩ ነው። መታጠፊያው ላይ ቀስ በል።»

ሙሽራዋ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። አባባ በሱፍ ሹራባቸው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ፣ እንደ ጎረምሳ ዳገቱን ሲወጡ ታዩዋት። ካፖርቱን ወደ አንገቷ ሰበሰበች። ወፍራም እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ ሞቆ እንደሚደርሳት ግን አላሰበችም። በሰው ሙቀት የጋለው የውስጥ ጨርቅ ጀርባዋ ላይ አረፈ። አማቷ ይህንንም አስልተውት ይሆን እያለች፣ እጆቿን ኪሱ ውስጥ ከተተች።