ከቤቱ የሚቀድመው ደፍ

ዝናብ ሲያባራ ውሃ ይቋጠራል... በበሩ ደፍ ላይ። ከእግር ብዛት የጎደጎደ ድንጋይ ነው። ርግቦች ወርደው ይጠጡበታል፣ ከዚያ ይሄዳሉ።

ባሮ ወንዝ ዳር ድንጋይ የት ይገኛል! አገሩ ጥቁር አፈር ነው። ያንን ድንጋይ የመጀመሪያዎቹ ምእመናን ከተራራው ሥር በሸክም አመጡት። የጸሎት ቤት ሳይኖራቸው ደፍ ነበራቸው።

ድንጋዩ ይቀድማል... ቤቱ ይከተላል።

የሳሩን ቤት ወንዙ ወሰደው። የጭቃውን ምስጥ በላው። ሁለቱንም ጊዜ ድንጋዩን አስቀድመው አነሱት፣ አዲሱ ቦታ ላይ ተከሉት፣ ግድግዳውን ከኋላው ሠሩ። ሦስተኛው የብሎኬት ነው። ሰዎቹ አንግሊካን ነን ይሉ ነበር። መንደሩ ግን «ግቡ ባዮች» ይላቸዋል፣ ማንንም ውጣ ስለማይሉ። ገባች ሁለተኛ ሚስት፣ ገባች ባሏን የፈታች። ሴት ቄስ ሲሾሙማ፣ ጉድ ነው ያለው ሁሉ እሑድ መጥቶ ከኋላ ቆመ።

አሪየትም ገባች፣ ልጇን ይዛ። የሞተ ልጇን።

ኡጁሉ በገዛ እጁ ነበር ሕይወቱን ያጠፋው፣ ገና ጢሙ ሳያቀመቅም። «እሱንስ እዚህ አንቀብርም» አሏት፣ በሄደችበት ቤተ ክርስቲያን ሁሉ። ቄስ አባንግ ግን፣ ያቺ ሴት ቄስ፣ ደፉ ላይ ቆማ «አስገቡት፣ የእኛ ልጅ ነው» አለች። ከመስኮቱ ሥር ተቀበረ። አቤት አሪየት፣ ያን ቀን እንዴት ወደደቻት!

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ መቃብሩን ትጠርጋለች፣ ደፉን ታጥባለች...

ቄስ አባንግ አረፈች። ወጣቱ ተበተነ። የቀሩት አንድ አግዳሚ ወንበር አይሞሉም። ዘንድሮ ደግሞ አዲሱ መንገድ በዚህ ያልፋል የሚል ወሬ መጣ፣ በቤቱም በመቃብሩም ላይ።

«ዶዘር ሳይደርስበት ድንጋዩን እናንሳው» አለች አሪየት።

«ወዴት እንወስደዋለን እማማ?» አላት ኦሞድ፣ ከቀሩት አንዱ፣ ዓሣ አጥማጁ።

«ለጊዜው እኔ ደጅ ይቀመጥ። ድንጋዩ ይቀድም የለም እንዴ? ቤቱ ይከተላል።»

ነቀሉት። ተሸከሙት። እሷ ደጅ አኖሩት።

በማግስቱ ከመንገድ ሥራው ሁለት ሰዎች መጡ። ቤቱ አገልግሎት የሚሰጥ ከሆነ መንገዱ ዞር ይላል፤ ይህንኑ ሊያዩ ነበር የመጡት። ማን ነግሯት! በሩ ሥር ጉድጓድ አዩ።

«እናንተማ ለቃችኋል» አለ አንዱ።

«ኧረ አልለቀቅንም ልጄ! ወጋችን ነው፣ ድንጋዩ ይቀድማል...»

«እማማ፣ ደፉን የነቀለ ሰው ተመልሶ ይገባል?» በክፋት አልነበረም። ፎቶ አንስቶ ሄደ።

ወይኔ... ወይኔ በገዛ እጄ!

አፅሙን አንሺ አሏት። ወዴት ትውሰደው? ያኔ እምቢ ያሉት ዛሬም እምቢ አሉ። ዶዘሩ መጣ። ሬንጁም ፈሰሰ፣ በኡጁሉ ላይ።

ድንጋዩ ቀደመ... ቤቱ አልተከተለም።

ዝናብ ሲያባራ ውሃ ይቋጠራል፣ አሪየት ደጅ ባለው ድንጋይ ላይ። ርግቦቹም አግኝተውት ይጠጡበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ታጥበዋለች፣ ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብላ መንገዱን ታያለች።

«ግባ ልጄ» ትላለች፣ «ግባ...»

ከድንጋዩ ኋላ ግን መግቢያ የለም።