ባዶውን የሚመለስ መኪና

መካኒኩ አብዱልአዚዝ ከወረደው ሞተር ላይ ቴስታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ በሁለት እጁ አቅፎ አነሳና ካርቶን ላይ አጋደመው። የብረት ማስመሪያ አምጥቶ ፊቱ ላይ አስተኛና በዓይኑ ደረጃ ዝቅ ብሎ ተመለከተ። በማስመሪያውና በቴስታው መካከል የጠዋት ብርሃን አለፈ።

"አየሽው?" አለ።

"አየሁት" አለች ፀዳለ።

"ሙቀት አጣሞታል። እሱ እንኳ ይላጋል፤ ግድ የለም። ሲሊንደሮቹን ተመልከቺ።"

ፀዳለ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ ጎንበስ አለች። ከሲሊንደሮቹ የሁለቱ ግድግዳ ድመት የቧጨረው ይመስል ተጫጭሯል። ጣቷን ሰድዳ ዳሰሰችው። ጭረቱ ጥፍሯን ያዘው።

ላንድክሩዘር ፒካፕ ናት። ፀዳለ ከአንድ ድርጅት በጨረታ ስትገዛት ያኔም ያገለገለች ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከዲላ ወደ ወርቃ የቡና መንደሮች የሚወስደውን መንገድ ተመላልሰውበታል። ኪሎሜትር ቆጣሪው ስድስት መቶ ሺህን አልፎ ሲሄድ ደከመውና ቆመ፤ መኪናዋ ግን አልቆመችም። ስትወጣ ጨውና ሳሙና፣ እዚያ ስትደርስ ከየመንደሩ እሸት ቡና ወደ ማጠቢያ ጣቢያው፣ ማታ ወደ ዲላ ስትመለስ ሙዝና ቆጮ ትጭናለች። "ባዶ መኪና ነዳጅ ይበላል እንጂ አያበላም" ትላለች ፀዳለ፤ በዚህ ነገር ከእሷ ጋር ተከራክሮ የረታ ሾፌር የለም።

ሞተሩን ያቃጠለችው ራሷ ናት። ይህንንም አትክድም። ባለፈው ሐሙስ፣ ተሻለ የሚባል ደንበኛዋ ገበሬ የለቀመውን አሥራ አምስት ጆንያ እሸት ቡና ጭና ጣቢያው ሊደርሱ ሦስት ኪሎሜትር ሲቀር፣ የራዲያተሩ የውሃ ጎማ ፈነዳ። የሙቀቱ ቀስት ቀዩን ረገጠ። ማንኛውም ሾፌር እዚያው ያቆማል። እሸት ቡና ግን አያድርም፤ ካደረ ይሞቃል፣ ይሸታል፣ ጣቢያውም አይረከብም። ጀንበሯን አየች፣ ቀስቱን አየች፣ ነዳጁን ረገጠችው። ቡናው ተመዝኖ ገባ። ሞተሩ ጣቢያው በር ላይ ጸጥ አለ። መኪናዋ ተጎትታ ዲላ፣ አብዱልአዚዝ ጋራዥ ገባች።

አብዱልአዚዝ ገና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳለ አንድ ባዶ አይሱዙ ጋራዡ በር ላይ ቆመ። ከገቢናው መጀመሪያ የወረደው ታላቅ ወንድሟ ሰብስቤ ነው፤ ገበያው ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው። ተከትሎት የወረደው ወጣት ሾፌር በትህትና ጎንበስ ብሎ ጨበጣት።

"ተሾመ ይባላል" አለ ሰብስቤ። "ከሀዋሳ ድረስ ላንቺ ብዬ ነው ያስመጣሁት። እንዳለች ገዝቶ ይወስዳታል፤ ሞተሯን አይጠይቅም።"

"ቦዲዋን ነው የምፈልገው እትዬ" አለ ተሾመ። "በሮቿ፣ ኮፈኗ፣ ጎማዎቿ ለየብቻ ፈላጊ አላቸው።"

"ልትበልታት ነው በለኛ።"

ተሾመ እንደማፈር አለ። "እንደሱ ነው እንግዲህ ሥራችን።"

ሰብስቤ እህቱን ወደ ጥላው ሳብ አደረጋት። ድምፁ ለስለስ የሚለው ሲመክር ነው። "ፀዳለ፣ አርባ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው። ለማሠሪያ የምታወጪው እኮ መኪናዋን ራሷን ይገዛል። ይብቃሽ። ሱቁ ውስጥ ወንበር አለሽ፤ ጥላ ሥር፣ አርፈሽ፣ በክብር።"

ያንን ወንበር ታውቀዋለች። እጇ የተሰበረ ጊዜ አንድ ወር ተቀምጣበታለች። ጨርቅ ለክታ ገንዘቡን ለሰብስቤ ታቀብላለች፤ ሰብስቤ መሳቢያውን ይቆልፋል። ጎረቤት ለቅሶ ልትደርስ እንኳ ፈቃድ ጠይቃ ነበር የምትወጣው። ወንድሟ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀኑ ግን አልመሽ ይላት ነበር። ፀዳለ ድህነትን ብዙም አትፈራውም። የምትፈራው ያንን ወንበር ነው።

"አሠራታለሁ" አለች።

"በምን ብር?"

"ለጣሪያው ባስቀመጥኩት ብር።"

"ጣሪያሽ እኮ ያፈሳል።"

"ያፍስስ። ባልዲ አለኝ።"

"የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን ልትጥዪ ነው።"

"ጋሼ፣ በብብቴ የያዝኳት እኮ እሷን ናት።"

ሰብስቤ ለስላሳውን ድምፅ ተወው። "ለሰው ቡና ብለሽ ሞተርሽን አነደድሽ። ያ ገበሬ ዛሬ መጥቶ እንዴት ሆንሽ አለ?"

"አልመጣም። ለቀማ ላይ ነው። እኔም በሱ ቦታ ብሆን አልመጣም።"

ይህን ስትል ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። የዛሬ ሦስት ዓመት ተሻለ የአባቱን አሮጌ የቡና ዛፎች ከጉልበት በታች በመጋዝ ሲጎነድል ደርሳ ስቃበት ነበር። መንደሩ በሙሉ አብዷል ብሎታል፤ በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። እሷም መስኮቷን ዝቅ አድርጋ፣ "ተሻለ፣ ምን ነካህ? ዘንድሮ ምን ልትለቅም ነው?" ብላው ነበር።

"ዘንድሮ ምንም አልለቅም" አላት በጌዴኦ ዜማው። "ሥሩን አልቆረጥኩም እኮ እትዬ። ሥሩ ደህና ነው።"

ሁለት ዓመት ያለ ፍሬ ከረመ። ሐሙስ ዕለት የጫነችለት አሥራ አምስት ጆንያ የተለቀመው ከእነዚያው ጉቶዎች ነው።

ፀዳለ ወደ ሞተሩ ተመለሰች። "አብዱ፣ ከታች ያለውስ? ክራንክ ሻፍቱ?"

አብዱልአዚዝ ተንበርክኮ በእጁ አዞረው፤ ያለ ድምፅ ዞረ። "እሱ ምንም አልሆነም። የዱሮ ብረት እኮ ነው። ብሎኩ፣ ይሄ የሞተሩ አካል፣ ሀዋሳ ሄዶ ሲሊንደሩ በማሽን ከተስተካከለ፣ ፒስተኖቹ ከተቀየሩ ትነሳለች። ስንት ዓመት ትሠራለች ብለሽ ግን አትጠይቂኝ።"

"አልጠይቅህም።"

"ችግሩ ጊዜው ነው። ብሎኩን የሚወስድ ጭነት እስኪገኝ ሳምንት ይሄዳል። የመጨረሻው ለቀማ ያመልጥሻል።"

"በይ፣ ሰማሽ" አለ ሰብስቤ። የመኪናዋን ሊብሬ ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

ፀዳለ እጁን አላየችውም። የምታየው በሩ ላይ የቆመውን አይሱዙ ነበር።

"ተሾመ፣ ከሀዋሳ ምን ጭነህ መጣህ?"

"ምንም። ባዶዬን ነው የመጣሁት።"

"ስትመለስስ?"

ተሾመ ሰብስቤን አየ፣ ላንድክሩዘሯን አየ፣ አንገቱን አከከ። "እርስዎ ካልሸጡልኝ... ባዶዬን ነዋ።"

"ባዶህንማ አትመለስም። ብሎኩን ጫንልኝ። ኪራዩን እከፍልሃለሁ፤ ዋጋውን ስለማውቅ አንከራከርም።"

አብዱልአዚዝ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ መፍቻዎቹ አዞረ።

"እኔ እኮ ሰው ያመጣሁት እንድትሸጪ ነው" አለ ሰብስቤ።

"ጥሩ አደረግክ ጋሼ። አንተ ባታመጣልኝ ሳምንት ልጠብቅ ነበር።"

ብሎኩ ተፈትቶ እስኪራቆት ሁለት ሰዓት ፈጀ። ተሾመ በእሷ ሂሳብ ምሳውን በልቶ ተመለሰ። አራት ሰው ተሸክሞ አይሱዙው ላይ አወጣው፤ ፀዳለ ራሷ ወጥታ በገመድ አሰረችው፣ ተሾመ ያሰረውን ደግሞ ፈታ እንደገና አሰረችው። ሰብስቤ አልሄደም። እጁን ኪሱ ከትቶ ጥላው ሥር ቆሞ ነበር።

"ወንበሩንስ ምን ላድርገው?" አላት፣ ከብሎኩ ጋር ሀዋሳ ልትሄድ ገቢና ውስጥ ስትገባ።

"ሰው ቅጠርበት።"

በሩን ሳበችው። ተሾመ ሞተሩን አስነሳ። ፀዳለ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ጥቂት አዳመጠች።

"ያንተም ሞተር ያንኳኳል" አለችው። "እዚያው አብረን እናሳየዋለን። ንዳ።"