ፍሬን ያልያዘ ዕለት

«ብላ እንጂ፤ ባዶ ሆድ ሐዘን አይችልም» አለችው አክስቱ፣ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ እያስቀመጠች።

በላ። ምን እንደበላ ቢጠይቁት ግን አያውቅም። አባቱ ከተቀበረ ወዲህ እንዲሁ ነው፤ ተቀመጥ ሲሉት ይቀመጣል፣ ተነስ ሲሉት ይነሳል። እንባም እምቢ ብሎታል። ሳሎኑን ከሞሉት ለቀስተኞች ግማሾቹ አብራሪዎች ናቸው፤ ነፍስ ይማር ብለው ከተቀመጡ በኋላ ስለ መኪና ዋጋ ያንሾካሹካሉ።

«ፍሬን እኮ እኔን ስንት ጊዜ ከሞት አውጥቶኛል» አለ አንዱ። ሌሎቹ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ፍሬን ሟቹ ነው። ከመሬት በማትነሳው የመለማመጃ አውሮፕላን፣ በሲሙሌተር፣ አብራሪዎችን ያሰለጥን ነበር። ሰልጣኙ ተሳስቶ ሊከሰከስ ሲል ማቆሚያውን ይጫንና «እኔ እያለሁ ማንም አይሞትም፤ እንደገና!» ይላል። ቅጽል ስሙ የወጣለት ለዚህ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰልጣኝ የሞተበት አንድ ብቻ ነው፤ የገዛ ልጁ፣ ይኸው ሳህን ይዞ የተቀመጠው።

የዚያን የፈተና ዕለት በሲሙሌተሩ መስኮት የሚታየው ጉም ብቻ ነበር። ማኮብኮቢያው አልታይ ስላለው፣ ልጁ ማረፉን ትቶ ተመልሶ መነሳት ነበረበት። የመነሻውን ቁልፍ ተጫነ፤ የአውሮፕላኗ አፍንጫ ቀና አለ፣ ደስ አለው። ያቺ ቁልፍ ግን የምታውቀው ሽቅብ መውጣትን ብቻ ነው። በራሱ የሚያበረው አውቶፓይለት በተሰመረለት መንገድ ወደ ግራ ታጥፎ ከተራራው እንዲርቅ ሌላ ቁልፍ፣ ኤልናቭ የሚሉት፣ መጫን አለበት። ረሳው። አውቶፓይለቱም እንደታዘዘው ቀጥ ብሎ ሄደ። ከኋላ የተቀመጠው አባቱ ማቆሚያውን አልተጫነም። ተራራው ከጉሙ ውስጥ ወጣ፤ ስክሪኑ ቀላ።

«ወድቀሃል» አለው አባቱ።

ልጁ ከሌላ አስተማሪ ጋር ተፈትኖ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ግን ወደ አባቱ ቤት እግሩን አላነሳም፣ አልደወለለትምም። ለሰው ሁሉ ፍሬን የሆነ ሰው በእኔ ለምን ጨከነ? ይህች ጥያቄ እስከ መቃብሩ አፋፍ ተከትላዋለች።

ያን ዕለት ሲሙሌተሩ ውስጥ አብሯቸው የነበረው ሽማግሌ ካፒቴን መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ካፒቴን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ ልጁ። «ለምን አላቆመልኝም?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አየ። «ጣቱ እኮ ማቆሚያው ላይ ነበር። ‹ተጫነው እንጂ!› ስለው ‹እውነተኛው ተራራ ጋ እኔ የለሁም› አለኝ። ከዚያ በኋላ መንዳት አቅቶት ቤቱ ያደረስኩት እኔ ነኝ።»

«ምነው አልነገረኝ?»

«ማን፣ አባትህ? አንገቱን ቢቆርጡት አይናገራትም! ይደውላል፣ ይደውላል እያለ ስልኩን ሙጥኝ እንዳለ ነው የከረመው። ሻወር ቤት እንኳ ይዞት ይገባ ነበር።»

ልጁ ሳህኑን አስቀምጦ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ስልኩን አውጥቶ የአባቱን ቁጥር ደወለ። ከመኝታ ቤቱ ጥሪው ተሰማ፤ ሳሎን ያሉት ወሬያቸውን አቋረጡ።

እናቱ አነሳችው። ሃሎ አላለችም።

«ደወለልህ» አለች። ለልጁ አልነበረም።

ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ስልኩን ከጆሮው አላወረደም።