አብርሃም በጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ

«ሰፋ አርገህ ክፈት እንጂ! እሁድ ስትከራከር እንዲህ ቆጥበህ አይደለም የምትከፍተው» አለ ጳጳስ ሃትሰን፣ መብራቱን ወደ ቫንስ ዮርገንሰን አፍ እየሳበ።

ቫንስ ከፈተ። ማደንዘዣው ግማሽ ፊቱን ወስዶበት ከንፈሩ የሌላ ሰው ከንፈር መስሎ ተንጠልጥሏል። በእኛ በዩታ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ደመወዝ የለውም፤ በሥራ ቀን ጥርስ ይሞላል፣ እሁድ ነፍስ ይጠብቃል። ለከተማችን ያለው ጥርስ ሐኪም ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ከጳጳሱ የተጣላ ሰው የጥርሱን ሕመም ችሎ መኖር አለበት።

የእነሱ ጠብ በአብርሃም የመጣ ነው። ቫንስ ለዓመታት የአዋቂዎች የሰንበት አስተማሪ ነበር። አብርሃም በግብፅ ሳለ በገዛ እጁ ጻፈው፣ ነቢያችንም ከጥንት ግብፃውያን ሬሳ ጋር ከተገዛ የፓፒረስ ወረቀት ላይ ተረጎመው የምንለው ቅዱስ መጽሐፍ ተራው ሲደርስ፣ ለተጠራጣሪዎች የማያዳግም መልስ ልስጥ ብሎ የሊቃውንቱን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረ። ሊከላከል ገብቶ ተማርኮ ወጣ። የጥንቱን የግብፅ ጽሕፈት የሚያነቡት ሰዎች፣ የተረፈው ቁርጥራጭ ከአንድ ሟች ካህን ጋር የተቀበረ ጸሎት ነው፣ አብርሃም የሚል ስም የለበትም ይላሉ። ቫንስ ይህንኑ ለክፍሉ ተናገረ። ክፍሉን ለሌላ ሰጡት። ጳጳሱ የእምነት ጥያቄዎች ጠይቆ የሚሰጠው የቤተ መቅደስ መግቢያ ፈቃዱ ጊዜው ሲያልፍም አላሳደሰው።

አሁን ልጁ ኦብሪ ዓርብ ማንታይ ቤተ መቅደስ ውስጥ ልታገባ ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው፣ የሙሽራዋ አባትም ቢሆን፣ አይገባም።

«የጠፋውን ጥቅልል ለምን ትረሳዋለህ?» አለ ጳጳሱ፣ መሰርሰሪያውን አስነስቶ። «አብርሃም ያለበት ረጅሙ፣ ቺካጎ ላይ የተቃጠለው ቢሆንስ?»

«ኧኧ...»

«አውቃለሁ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ሥዕል የተቀዳው ከተረፈው ቁራጭ ነው ትለኛለህ። እሺ ይሁንልህ! ፓፒረሱ ሰበብ ብቻ ቢሆንስ? እግዜር ቃሉን በቀጥታ ቢገልጥለትስ?»

«ኧ ኧኧ!»

«ካንተ ጋር መወያየት ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው» አለ ጳጳሱ። ረዳቱ ሳቋን መያዝ ስላቃታት ወደ ውጭ ላካት። በሩ ሲዘጋ የምራቅ መምጠጫውን ቱቦ ከቫንስ አፍ አውጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስማኝ፣ ቀልዱን ትተን። ዛሬ ማታ ቢሮዬ ና። ጥያቄዎቹን ታውቃቸዋለህ፤ ስለ ፓፒረስ የሚል የለበትም።»

«ስለ ነቢዩ ግን አለ» አለ ቫንስ፣ ቃሉ በአንድ ወገን እየፈሰሰ።

«አለ። 'አዎ' በል። እውነት እንዲሆን ትመኛለህ አይደል? ተመኝተህ በለው። ሌላውን ለእኔ ተወው።»

ክፋቱ፣ ይመኛል። እሱና ሚስቱ ሻነን የተጋቡት እዚያው ነው። እርስ በርስ ፊት ለፊት በተሰቀሉት መስታወቶች ውስጥ ሁለቱም እያነሱ፣ እየራቁ፣ ማለቂያ በሌለው መተላለፊያ ሲሄዱ ራሳቸውን አይተው ነበር። ያኔ ዘላለም ማለት ዓይኑ የሚያየው ነገር ነበር። ሳያሰላ፣ ሳያስብ 'አዎ' ይል የነበረውን ያንን ወጣት እንደ ሞተ ወንድም ይናፍቀዋል። ዓርብ ልጁ በዚያው መስታወት ውስጥ ነጭ ለብሳ ትታያለች። የሚፈለግበት አንዲት ቃል ናት።

መኪናው ውስጥ እንደገባ ስልኩ ጮኸ። ኦብሪ ናት።

«አባዬ፣ ጳጳሱ አናገረህ?»

«አናገረኝ። አፌን ይዞ።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «ታዲያ ትገባለህ? እማማ ቦታ ልያዝለት ወይ ትላለች። እኔ እኮ አላስገድድህም። ግን ብትኖር... በጣም ነው ደስ የሚለኝ።»

ቫንስ ከአገጩ ላይ የወረደውን ምራቅ በእጅጌው ጠረገ። 'አዎ' ለደነዘዘ አፍ እንኳ ቀላል ቃል ናት። እስከ ጥርሱ ድረስ መጣች። ከሁሉ አስበልጦ የሚሳሳላት ልጁ ደግሞ ትንፋሿን ይዛ እየጠበቀች ነው።

«ኦብሪዬ» አለ። «ስትጨርሱ በየትኛው በር ነው የምትወጡት?»



«በአትክልቱ በኩል» አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። «ዓርብ ዝናብ ይጥላል እየተባለ ነው፣ አባዬ።»

«ጃንጥላ እይዛለሁ» አለ።